ሃሪኬን ሳይመጣ፦ ስለ መኪና፣ ስለ በሽተኛና ስለ መብራት የጠየቃችሁኝ

የሃሪኬን ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። እዚህ ሂዩስተን ግን ሰው መጠየቅ የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ካርታ ማሳየት ሲጀምር ነው። ያኔ ሱቅ ውስጥ ውሃ የለም፣ ማደያው ጋ ሰልፍ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ቀደም ብዬ «ያላችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። ስለ ጎማ ሊጠይቀኝ የደወለ ሰው ስልኩን ሳይዘጋ ስለ እናቱ መድኃኒት ይጠይቀኛል፤ ለምጄዋለሁ። የበሽታውን መልስ ሁሉ እሷ አይታዋለች። የራሳችሁ ሐኪም ሌላ ካለ ግን የእሱን ስሙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካምሪ ሃይብሪድ አለችኝ፣ ታክሲ እሠራባታለሁ። 1,500 ዶላር መድቤላታለሁ። ትልቅ ስክሪን፣ አዲስ ቸርኬና ኤልኢዲ መብራት አስቤአለሁ። ከዝናቡ በፊት ላሠራት ወይስ በኋላ?

መልስ፦ ስክሪኑም ቸርኬውም ይቆዩ። መጀመሪያ ጎማ። ባለ 25 ሳንቲሙን አውጣና የዋሽንግተንን ራስ ወደ ታች አድርገህ ጎማው ጥርስ መሃል ክተተው። የራሱ ጫፍ ከታየህ ጎማው ለዝናብ አልቆለታል። ሕጉ እስከ 2/32 ኢንች ይፈቅድልሃል። እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ከ4/32 በታች ሲወርድ ውሃውን ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል፤ መኪናዋ ውሃው ላይ ትንሳፈፍብሃለች። ከጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም እያቸው። 3219 ካለ በ2019 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም የቴክሳስ ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ይሰነጣጠቃል።

ቀጥሎ የዝናብ መጥረጊያ። ርካሽ ነው፤ ሰው ግን ዝናቡ ሲወርድ ነው ትዝ የሚለው።

አሁን ሃይብሪድ የያዛችሁ ሁሉ ስሙኝ። ከኋላ ወንበሩ ሥር ወይም ጎን ላይ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አለ። ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በዚያ ነው። ተሳፋሪ ጃኬቱን ይጥልበታል፣ የውሻ ፀጉር ይገባበታል፣ አንዳንዱ ሹፌር ራሱ የውሃ ካርቶን ይደግፍበታል። ባትሪው ይግላል፣ ማራገቢያው እንደ ፀጉር ማድረቂያ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የማትፈልጋት መብራት ትበራለች። ክፈተውና አቧራውን በቫክዩም ሳበው፤ ማጣሪያ ካለው እጠበው ወይም ቀይረው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ያ ባትሪ ቢሞትብህ ግን የመደብከው ገንዘብም አይበቃህ ይሆናል።

ኤልኢዲውን በተመለከተ፦ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ከከተትክ ብርሃኑ ይበታተናል። በዝናብ አንተም አታይ፣ ከፊት የሚመጣውንም ታሳውረዋለህ። ተወው።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና ከፍ ያለች ናት። ምን ያህል ውሃ ትችላለች?

መልስ፦ የምትችለውን አትፈልግ። 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ የብዙ የቤት መኪኖች ሆድ ይደርሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ብዙዎቹን ያነሳል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ያንተን ትልቅ መኪናም ፒክአፕንም ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ድልድይ ሥር የተኛ ውሃ ደግሞ ጥልቀቱ አይታይም፤ አስፋልት ነው የሚመስለው።

ውሃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋብህ ደግመህ አታስነሳ። ይህን በትልቁ ጻፈው። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ቁልፉን ካዞርክ ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ይጣመማል፤ ካንዴላ አውጥቶና አድርቆ ይድን የነበረ ሞተር ቆሻሻ ብረት ይሆናል። ውጣ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ሂድ፣ መኪናው ይቅር።

ጥያቄ፦ ያለኝ ላያቢሊቲ፣ የሌላውን ሰው ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ሃሪኬን መምጣቱ ሲታወቅ የራሴንም መኪና የሚሸፍነውን ፉል ካቨሬጅ ብገባስ?

መልስ፦ ያኔ አይሸጡልህም። ማዕበሉ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሲገባ ኢንሹራንሶቹ አዲስ ውል መቀበል ያቆማሉ። ጎርፍ የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው፤ አሁን ደውልና ዋጋውን ጠይቅ። ለቤት የሚገባው የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው።

ጥያቄ፦ እማዬ ከደሴ መጥታ እኔ ጋ ናት። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። በሃሪኬን ቤሪል ጊዜ መብራት ጠፍቶ ቤቱ እንደ ምድጃ ሆኖ ነበር። እንደዚያ ከሆነ መድኃኒቱን ምን አደርገዋለሁ? በዚያ ላይ ፍልሰታን እጾማለሁ ብላ ድርቅ ብላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤሪልን ማንሳትሽ ጥሩ ነው። ጁላይ 8 ቀን 2024 ሲገባ ደረጃው 1 ነበር፤ ከደረጃዎቹ ሁሉ ትንሹ ማለት ነው። ሰዉ ናቀው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ፣ አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ ጨለማ ነበር፤ ከንፋሱ በኋላ በሙቀት የሞቱም ነበሩ። በሽተኛ ያለበት ቤት የደረጃውን ቁጥር ሳይሆን መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ አስቦ ይዘጋጅ።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ፦ ያልተከፈተው ቦታው ፍሪጅ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። መብራት ስለጠፋ ብቻ ወዲያው አይበላሽም። በ15 እና በ30 ዲግሪ መካከል ከቆየ አብዛኛው ዓይነት እስከ 28 ቀን ይሠራል። ችግሩ በኦገስት ኤሲ የሌለው የሂዩስተን ቤት ከ30 በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትንሽ ኩለር ግዢ፤ ከታች በረዶ፣ ከላዩ ወፍራም ፎጣ፣ ከፎጣው በላይ ኢንሱሊኑ። በረዶውን እንዳይነካ። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። መኪና ውስጥ ደግሞ ለአፍታም አትተዪው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

መድኃኒቷ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳለ አስሞይ። መርፌ፣ የስኳር መለኪያው ወረቀት፣ የመለኪያው ባትሪ፣ የመድኃኒቶቿ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ ይሁኑ። ኢንሹራንስ ከሌላት ገቢ አይተው የሚያስከፍሉ የጤና ማዕከሎች አሉ፤ የእርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው ስልክ 211 ደውለሽ በአቅራቢያሽ ያለውን ጠይቂ።

አሁን ወደ ጾሙ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 ጀምሮ። ልክ የሃሪኬኑ ወቅት ሲብስ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ኢንሱሊን መውጋት ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ሙቀትና ጨለማ ሲጨመርበት አስቢው። ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፣ አታሸንፊያትም። ከንስሐ አባቷ ጋር በስልክ አገናኛት። በሽተኛ ከጾም እንደሚፈታ ከአንቺ ከምትሰማው ከሳቸው ብትሰማው ይሻላታል። አይሆንም ካለች ሥጋና ወተቱን ትተው፣ ሰዓቱን ግን አትጠብቅ፤ መጠኑንም ሐኪሟ ያስተካክልላት። ላብ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ንግግሯ ከተምታታ ለኪያት። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም አንድ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውሃ አጠጫት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ፣ 911 ደውዪ።

ጥያቄ፦ አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያደርጋሉ። ማዕከሉ ቢዘጋስ?

መልስ፦ ማዕከሉ ከመዘጋቱ በፊት ይደውሉ። ማዕበል ሲጠበቅ ብዙ ማዕከሎች ተራ ቀድመው ይሰጣሉ፤ የደወለ ነው የሚያገኘው። ተለዋጭ ማዕከላቸው የቱ እንደሆነም አሁኑኑ ጠይቀው ይጻፉ። ኩላሊት ሐኪሞች ለዚህ ጊዜ የሚሰጡት የሦስት ቀን የምግብ ዝርዝር አለ፤ ይጠይቁ። ዋናው ነገር ውሃ መቀነስና ፖታሲየም መሸሽ ነው፤ ፖታሲየም ተጠራቅሞ ልብ ያቆማል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች፣ ቲማቲም ይቅር። እኛ ለክፉ ቀን ብለን የምናስቀምጠው ሽሮና ምስርም ለሳቸው አይሆንም። የቀረውን ቤተሰብ በሶና ቆሎ ይችለዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው። የመኪናውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ገዝቼ ማሽኑን ከመኪናው ባስነሳውስ?

መልስ፦ የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ዋት ቢሰጥ ነው። የቤት ኦክስጅን ማሽን 300 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፊውዙ ይቃጠላል፣ አንተም ጨለማ ውስጥ ትቀራለህ። ተንቀሳቃሽ ከሆነች ትንሿ ማሽን የራሷ የመኪና ገመድ አላት፤ እሷ ሌላ ነገር ናት። ላንተ የሚያስፈልግህ መብራት የማይፈልግ መጠባበቂያ ሲሊንደር ነው። ከኦክስጅን አቅራቢያችሁ ጋር ተነጋገር። 211 ደውለህም በአደጋ ጊዜ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በሚመዘገቡበት፣ ስቲር በሚባለው የቴክሳስ መዝገብ አስመዝግባት፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ለመብራት ኃይሉ በሐኪም የሚፈረም ቅጽም አለ። ሁለቱም መኪና ይመጣልሃል፣ መብራት አይጠፋብህም ማለት አይደሉም፤ እንዳለህ እንዲያውቁ ነው። በሲሊንደሩ አጠገብ ደግሞ ሻማም ጧፍም አይለኮስ።

ጥያቄ፦ ያለ ቡና አንውልም። መብራት ከጠፋ ከሰል ላይ ብናፈላስ? መስኮት እንከፍታለን።

መልስ፦ አይሆንም። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እጠየቃለሁ፣ በየዓመቱም አይሆንም ነው መልሱ።

ከሰል፣ ጄኔሬተር፣ የመኪና ማርሚታ፣ ሁሉም የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። አገር ቤት ቤታችን ቀዳዳው ብዙ ነበር፤ እሱም ሆኖ በከሰል ጭስ የሞተ ሰው ያልሰማ የለም። የዚህ አገር ቤት ደግሞ ኤሲው እንዳይወጣ ተብሎ ተጠርቅሞ የተሠራ ነው። አንድ መስኮት ምንም አያደርግም።

በ2021 ፌብሩዋሪ ላይ ያ ከባድ ብርድ መጥቶ ቴክሳስ መብራት ባጣች ጊዜ እዚሁ ሂዩስተን ከኛው ሰው አንድ ቤተሰብ ለሙቀት ብሎ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ነበር። ከቤተሰቡ ሁለቱ አልተረፉም። የጋራዡን በር ከፍቶ ማስነሳትም አያድንም፤ ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። ስልክ ለመሙላትም ሆነ ኤሲ ለማግኘት መኪናውን የምታስነሱት ሙሉ በሙሉ ውጭ አውጥታችሁ ነው። ቁልፍ አልባ መኪናና ሃይብሪድ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ሃይብሪድ ድምፅ ሳያሰማ ቆይቶ ባትሪው ሲወርድ ሞተሩን በራሱ ያስነሳል፤ ጠፍቷል ብለህ ገብተህ ልትተኛ ትችላለህ።

ጄኔሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ሌላ ወገን ይዙር። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከመኝታ ቤቱ አጠገብ ስቀሉ። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ባንዴ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ጉንፋን አይደለም፤ ተያይዛችሁ ውጡ፣ ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

ቡናውን ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ራቅ ብላችሁ አፍሉት። ጎረቤትም ይጠራበታል።

ጥያቄ፦ ሽሹ ሲባል ሁላችንም ዳላስ እንሂድ?

መልስ፦ ሁላችሁም አይደለም። በሴፕቴምበር 2005 ሃሪኬን ሪታ ስትመጣ ሃሪኬን ካትሪና ገና ሳምንታት ነበር ያለፋት፤ ሰዉ ፈርቶ ባንዴ ወጣ። አውራ ጎዳናው ቆመ፣ ነዳጅ አለቀ፣ በሽሽቱ ላይ ብቻ 100 ገደማ ሰው ሞተ። የሚሸሸው ከውሃ ነው። ዚፕ ኮዳችሁ ለባሕሩ ከቀረቡት የመልቀቂያ ዞኖች ውስጥ ከሆነ ሲታዘዝ ውጡ። ቤታችሁ ጎርፍ የሚገባው ከሆነም እንደዚያው። ሌላው ንፋሱን ቤቱ ሆኖ ያሳልፍ። በማሽን የሚተነፍስ ወይም ዲያሊሲስ ያለበት ሰው ግን መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከሁሉ ቀድሞ ቢሄድ ነው የሚሻለው። የነዳጅ ሰልባትዮው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ፤ መብራት ከሌለ የማደያው ፓምፕም አይሠራም። ስኮርታውንም፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ ዛሬ ንፉት።

ጥያቄ፦ ከሃሪኬን በኋላ መኪና ይረክሳል ይባላል። አንድ ገዝቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልላክለት?

መልስ፦ መላኩን እርሳው። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ለራስህ ከሆነ የረከሰው በምክንያት ነው። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን አጥለቀለቀ፤ ከእነሱ ውስጥ ታጥበውና ሽቶ ተነፍቶባቸው ጎርፍ ወደማያውቅ ስቴት ሄደው የተሸጡ አሉ። ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ አይተህ ብቻ አትመን። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ጎትተው፤ ሰው ወንበር ያጥባል እንጂ የቀበቶ ጫፍ አያጥብም፣ ጭቃው መስመር ሠርቶ ታገኘዋለህ። ስኮርታው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ እየው፣ ከወንበሩ ሥር ያሉት ብሎኖች ዝገው እንደሆነ በእጅህ ዳስስ። መስኮቱን ዘግተህ ኤሲውን ክፈትና አሽትት። ሻጩ «ኤሲው አሁን አይሠራም» ካለህ መልካም ቀን ብለኸው ሂድ።