ሰባት ቁጥር ቆጥራ የወደቀችው አመልካች

እህቴ፣ ለሲስተም አስተዳዳሪነት በቀረብሽበት ቃለ መጠይቅ «የኢሜይል ሰርቨር ብታዘጋጂ የትኞቹን ፖርቶች (የኔትወርክ ግንኙነት የሚገባባቸውን ባለቁጥር በሮች) ትከፍቻለሽ?» ተብለሽ፣ 25፣ 110፣ 143፣ 465፣ 587፣ 993 እና 995 ብለሽ አንድም ሳትስቺ ቆጥረሽ ወደቅሽ። አሁን ሌላ ሰርተፍኬት ልጨምር ወይ ትያለሽ። አትጨምሪ፤ ገንዘብሽን ያዢ።

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ጠያቂው ሊያውቅ የፈለገው ግን በየትኛው በር ማን እንደሚገባ ታውቂ እንደሆነ ይመስለኛል። 25 ሰርቨር ከሰርቨር የሚቀባበልበት ነው፤ የማያውቁት ሰርቨር ሁሉ ስለሚመጣበት የይለፍ ቃል አይጠየቅበትም። ሠራተኛው የሚልከው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ በ587 ወይም በ465 ሲሆን፣ የመጣለትን የሚያነበው በ993 ነው። የቆዩ መጻሕፍት 465 ተሽሯል ይሉሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8314 የተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ግን ምስጠራው ከመጀመሪያው ስለሚጀምር መልሶ አስቀድሞታል። ደብዳቤ የሚነበብባቸውን፣ ምስጠራው ግን ከመጀመሪያው የማይጀምርባቸውን 110 እና 143ን ለምን እንደከፈትሽ ብትጠየቂ ምን ትመልሺ ነበር?

ቤትሽ ባለው ኮምፒውተር ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች (በውስጡ እንደ ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩ) አዘጋጂና በአንዱ ላይ ደብዳቤ የሚያመላልሰውን ፖስትፊክስንና የመጣውን የሚያስነብበውን ዶቭኮትን ጫኚ። ሲሠራልሽ ሆን ብለሽ አበላሺው። መጀመሪያ ፖስትፊክስን አቁሚና ከሌላኛው ማሽን ቴልኔት በተባለው የግንኙነት መሞከሪያ ፕሮግራም 25ን ሞክሪ፤ ግንኙነቱ ተቀባይነት እንዳጣ ወዲያው ይነገርሻል። ማሽኑ አለ፣ በሩ ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ቀጥሎ ፖስትፊክስን አስነስተሽ ፋየርዎሉ (የኔትወርክ ማጣሪያው) ወደ 25 የሚመጣውን በዝምታ እንዲጥል አድርጊ። አሁን ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ትጠብቂያለሽ፤ እሺም እምቢም የሚል የለም። እነዚህን ሁለት ዝምታና እምቢታ በዓይኑ ያየ ሰው አነጋገሩ ይለያል።

እኔ የተማርኩት አፍሬ ነው። ለአንድ ድርጅት ባቋቋምኩት ሰርቨር ላይ የሚመጣው ደብዳቤ ይገባል፣ የሚላከው ግን ወረፋ ላይ ይከማቻል። የፖስትፊክስን ፋይል ስቆፍር ዋልኩ። ለካስ ሰርቨሩን ያከራየን ኩባንያ አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ወደ ውጭ የሚወጣውን 25 ዘግቶት ኖሯል!

ሲቪሽ ላይ «የኢሜይል ሰርቨር ዕውቀት» የሚለውን ሰርዢና ምን እንደጫንሽ፣ የትኛውን ፖርት ለምን እንደዘጋሽ በአንድ መስመር ጻፊ። ያው ጥያቄ እንደገና ሲመጣም ወደ ቁጥሮቹ አትሩጪ። መጀመሪያ «ሠራተኞቹ ኢሜይላቸውን ከቢሮ ውጭ ሆነው ይከፍታሉ?» ብለሽ ጠይቂ። አይከፍቱም ካሉሽ 465 እና 993 ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ይከፈታሉ፤ ለዓለም የሚቀረው 25 ብቻ ነው።