በአራት ጣት

ልጆቼ፣

ጅማ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስፖርት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከመጣ ወዲህ የሰፈሬ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። "ጋሼ፣ አልሆነም" ይሉኛል። ምን ልበላቸው ብዬ ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ የሴቶች ስሉስ ዝላይ ነው። አብጠርጥሬ የማውቀው እሱን ስለሆነ በእሱ በኩል ላውራችሁ።

እኛ አገር አትሌቲክስ ማለት ሩጫ ነው። 10,000 ሜትር ሲተላለፍ ቡና ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ዝላይ ሲመጣ ሰው ወደ ወሬው ይመለሳል። ስለዚህ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ተንደርድረሽ መጥተሽ ጣውላውን በአንድ እግር ትረግጪና ትነሻለሽ። መጀመሪያ የምታርፊው በዚያው በተነሳሽበት እግር ነው። ቀጥሎ በሌላኛው። ከዚያ ዘለሽ አሸዋው ውስጥ ትገቢያለሽ። ጣውላው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው ያለው። የጫማሽ ጫፍ ጣውላውን ካለፈ ቀይ ባንዲራ ይነሳል፤ ፋውል ነው። የፈለገውን ያህል ብትርቂ አይለካልሽም። ለሁሉም ሦስት ሦስት ሙከራ ይሰጣል፤ ስምንቱ ምርጦች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይጨመርላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ነበር። የቬንዙዌላዋ ዩሊማር ሮሃስ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ናት፤ 15.74 ሜትር ዘላለች። የዚያን ቀን ግን አልሆን አላት። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ሜዳሊያ ውስጥ እንኳ አልነበረችም። የዩክሬኗ ማሪና ቤክ ሮማንቹክ በ15.00 እየመራች ነበር። ሮሃስ የቀራት አንድ ሙከራ ነው። ተንደረደረች፣ ዘለለች፣ 15.08 ሆነ። ያሸነፈችው በ8 ሳንቲ ሜትር ነው። እጃችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ትታችሁ አራቱን ጣቶች ግጠሟቸው። በቃ፣ ይቺን ታክላለች።

ያን ዕለት በ14.96 ወደ ሦስተኛነት የወረደችው የኩባዋ ሌያኒስ ፔሬስ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ከዚያ በፊት ደግሞ የ1995 የዓለም ሻምፒዮና አለ፤ ስዊድን፣ ጎተንበርግ። የዩክሬኗ ኢኔሳ ክራቬትስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎቿን በፋውል አበላሸች። ሦስተኛው ከተበላሸ ወደ ቤት ነው። በሦስተኛው 15.50 ዘለለች፤ የቀድሞውን የዓለም ክብረ ወሰን በ41 ሳንቲ ሜትር አሻሻለች። ሮሃስ በ2021 ቶኪዮ ላይ እስክትሰብረው ድረስ 26 ዓመት ገደማ ቆየ። ክራቬትስ ከዓመታት በኋላ በዶፒንግ ታግዳለች፤ ይህን ደብቄ ላሞግሳት አልፈልግም። እኔ የማነሳት ለዚያች ሦስተኛ ሙከራ ስል ነው። ሁለቴ ፋውል ሠርቶ ሦስተኛውን በፍርሃት የሚሮጥ ሰው 15.50 አይዘልም።

ይህን የምለው ተቃራኒውን አንዲት ልጅ ላይ ስላደረግሁ ነው።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አሸዋው ከብዷል። በትልልቆቹ ውድድሮች ፋውል ይለይበት የነበረው ፕላስቲሲን፣ አሻራ የሚይዘው ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር፣ እኛ ዘንድ አልነበረም። ከጣውላው ፊት ለፊት እርጥብ ቀይ አፈር ደልድለን በጣውላ ማለስለስ ነበር ሥራችን። ያለፈ ሰው የጣቱ አሻራ እዚያ ላይ ይቀራል። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ በልምምድ ጊዜ የሚደርስባት አልነበረም። የመጀመሪያው ሙከራዋ ፋውል ሆነ። ጎንበስ ብዬ አሻራውን በጣቴ ለካሁት፤ አራት ጣት። ሁለተኛውም ፋውል ሆነ። ለካሁት፤ አራት ጣት።

ጠራኋትና "ልጄ፣ ይሄኛውን ጠንቀቅ በይ፤ ቀስ ብለሽ ግቢ" አልኳት። እሺ አለች። ተንደርድራ ጣውላው ጋ ስትቃረብ እርምጃዋን ማሳጠር ጀመረች። ዓይኗ ጣውላው ላይ ነው። ከጣውላው አንድ ክንድ ያህል ቀድማ ተነሳች። ነጭ ባንዲራ ተነሳ። ተለካ። ከስምንቱ ውስጥ አልገባችም። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ልምምድ አልመጣችም።

የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለቱም ፋውል እኩል አራት ጣት ነበር። ይህ ማለት ልጅቷ አልተሳሳተችም። ሩጫዋ ልክ እንደ ሰዓት አንድ ዓይነት ነበር። የተሳሳተው መንደርደር የምትጀምርበት ምልክት ነው። እኔ ማድረግ የነበረብኝ መነሻዋ ላይ ያለችውን ድንጋይ አራት ጣት ወደ ኋላ መግፋትና "እንደ ቅድሙ ሩጪ" ማለት ብቻ ነበር። ትልልቆቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፋውል ሲሆንባቸው በስንት እንዳለፉ ያያሉ፣ ምልክታቸውን ያን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ ፍጥነታቸውን አይነኩም።

እናንተም ስትወድቁ መጀመሪያ የምትሰሙት "ተጠንቀቅ፣ ቀስ በል፣ ትንሽ ነገር ሞክር" የሚል ነው። የሚወዷችሁ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሏችሁ። እኔም ያቺን ልጅ እወዳት ነበር። ግን ከመቀዝቀዛችሁ በፊት አፈሩን እዩት። በስንት ነው ያለፋችሁት? ባለፈውስ? ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ የሚንቀሳቀስ ምልክት አላችሁ ማለት ነው። ምናልባት ጥናት የጀመራችሁት ዘግይታችሁ ነው። ምናልባት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሳይገባችሁ ነው አሥራ ሁለተኛ የደረሳችሁት። እሱ ጋ ተመለሱ። ስህተቱ በየጊዜው የተለያየ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዴ አንድ ጣት፣ አንዴ ስንዝር የሚያልፍ ልጅ ገና ሩጫው አልጸናም። እሱ ብዙ መሮጥ እንጂ ምልክት ማንቀሳቀስ አይጠቅመውም።

ሴቶቹን ለብቻ አንድ ነገር ልበላችሁ። ይህ ውድድር ለሴቶች ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1996 ነው፤ ለወንዶች ግን ከ1896 ጀምሮ አለ። መቶ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በ2004 እና በ2008 ኦሎምፒክ ተከታትላ ወርቅ የወሰደችው የካሜሩኗ ፍራንሷዝ ምባንጎ ናት፤ አፍሪካዊት። በፓሪስ 2024 ያሸነፈችው ቲያ ላፎንድ የመጣችው ከዶሚኒካ ነው፤ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት አገር ናት። የአገሯ ሕዝብ ሁሉ ተሰብስቦ የጅማ ከተማን አይሞላም። ለአገሯ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የእሷ ነው። "ከዚህ ሰፈር ማን ይወጣል" የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ያቺን ልጅ ባለፈው ጥር መርካቶ አገኘኋት። ትልቅ ሴት ሆናለች። ልጇን አስከትላ ቡና ስትመርጥ ነበር። ከሰላምታ በኋላ ዝም አለችና፣ "ቲቸር፣ ያኔ በስንት ነበር ያለፍኩት?" አለችኝ።

"በአራት ጣት" አልኳት።

"ሁለተኛውስ?"

"እሱም በአራት ጣት።"

የቡናውን ፌስታል ለልጇ አቀበለችና አራት ጣቷን ገጥማ አየቻት።