ዲ ድራይቭን ፎርማት አታድርገው፤ መጀመሪያ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ

ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ ላይ ዊንዶውስ 11 እና ኡቡንቱ (ሊኑክስ) አሉ፤ ከኡቡንቱ ሆነህ ዲ ድራይቭን ስትከፍት ፋይሎቹ ይታያሉ፣ ኮፒ ልታደርግ ስትል ግን «ሪድ ኦንሊ» (ማንበብ ብቻ) ይልሃል። ፎርማት አድርጌ ወደ ኤክስፋት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ሲስተም (ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት)፣ ልቀይረው ወይ ብለህ ነው የጠየቅከው። አትቀይረው። እኔም ኮዱን በኡቡንቱ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንጉን በዊንዶውስ እየሠራሁ ሁለቱን በአንድ ማሽን ለዓመታት ይዣለሁ። ይሄ ነገር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ፋይል ሲስተሙ ሳይሆን ዊንዶውስ በደንብ አለመዘጋቱ ነው።

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሸት ዳውን ስትለው ፕሮግራሞችህን ይዘጋል እንጂ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) አያጠፋም፤ ሚሞሪ ላይ የነበረውን ሲ ድራይቭ ላይ ጽፎ ይተኛል። ስታበራው ያንኑ መልሶ ያነሳል፤ ዲ ድራይቭንም የሚያስታውሰው ሲተኛ በነበረው መልኩ ነው። በመሃል ኡቡንቱ ገብቶ አዲስ ፋይል ቢያስቀምጥ ዊንዶውስ አያውቅም፣ ቦታውን ባዶ መስሎት በላዩ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ኡቡንቱ «ሪድ ኦንሊ» የሚልህ ፋይልህን ሊያተርፍልህ ነው።

ማጥፊያው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ጋ ነው። ግራ በኩል ፓወር በተኑ ምን እንዲሠራ እንደምትመርጥበት የሚገልጸውን ክፈት፤ ታች ያሉት ምርጫዎች ደብዝዘው ካየሃቸው ከላይ ያለችውን የጋሻ ምልክት ያላትን ሊንክ ስትጫን ይከፈታሉ። የፋስት ስታርትአፕን ምልክት አንሳና ሴቭ አድርግ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ተመልሶ በርቶ ሊጠብቅህ ስለሚችል አልፎ አልፎ እየው። ለዛሬ ብቻ ከቸኮልክ ሪስታርት በልና ሲነሳ ኡቡንቱን ምረጥ፤ ሪስታርት ሁሌም ሙሉ በሙሉ ነው የሚዘጋው።

ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባለውን የሊኑክስ ትእዛዝ አስነሣ ብለው የመከሩህ አሉ። እሱ ጥቃቅን ነገር ነክቶ «ያልተዘጋ» የሚለውን ምልክት ያነሳል እንጂ እንደ ዊንዶውሱ የዲስክ መመርመሪያ ቼክዲስክ አይጠግንም። የተኛ ዊንዶውስ ላይ በግድ መጻፍማ ጭራሽ አይሞከርም።

ዲ ራሱ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ሆኖ ይቀመጥ። ሊኑክስ በኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ድራይቨር ከጻፈበት ብዙ ዘመኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የሊኑክስ ከርነል 5.15 ፓራጎን የተባለ ኩባንያ የሠራውን ድራይቨር ተቀብሏል። ኤክስፋት ለፍላሽ ጥሩ ነው፣ ጆርናል (ለውጦችን የሚመዘግብበት ማስታወሻ) ስለሌለው ግን ኮፒ እያደረግክ መብራት ቢጠፋ ለመበላሸት ቅርብ ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ለቪዲዮ አይሆንም። የሊኑክሱን ኢኤክስቲ4 ዊንዶውስ እንዲሁ ማንበብ አይችልም። አንዳንዴ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ እዚያ ላይ እሺ እንዳትል።

ዲ ላይ ዶክመንት፣ ሙዚቃ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ አስቀምጥ። የኮድ ፕሮጀክትህን፣ በተለይ የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንትና የኖድ ሞጁሎችን፣ ኡቡንቱ ውስጥ ተዋቸው። ዲ ላይ ከሆኑ የፐርሚሽንና የሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ጣጣው አያልቅም። ሲ ድራይቭ ላይም ከኡቡንቱ ምንም አትጻፍ።

የፋይል ስም ላይም ተጠንቀቅ። በአማርኛ መሰየም ምንም ችግር የለውም፤ የእኛዋን ሁለት ነጥብ «፡» እንኳ ዊንዶውስ ይቀበላታል። የእንግሊዝኛዋን «:» ግን አይቀበልም። ኡቡንቱ ላይ «ስብሰባ 3:30» ብለህ ያስቀመጥከውን ዊንዶውስ አልከፍትም ይልሃል።

ፋስት ስታርትአፕን አጥፍተህ አሁንም «ሪድ ኦንሊ» ካለህ፣ ዊንዶውስ ገብተህ ዲ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ከዚያ ቼክ በለው። እንደጨረሰ ሸት ዳውን አድርገህ ወደ ኡቡንቱ ግባ። ካልሆነ የሚያሳይህን ጽሑፍ ስክሪንሹት አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ቢትሎከር (የዊንዶውስ ድራይቭ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነም አብረህ ንገረን።