መልስ፦ ስለ ቸኮሌት ዶክመንተሪ ለጠየቅከው

አቦ ሰላም ነው? ከድሬ ሆኜ ለገበሬው ስለሚያስቡ ቸኮሌት አምራቾች ዶክመንተሪ ልሰራ ነው ከየት ልጀምር ላልከው፣ እኔ ብሆን ከባለቤቶቹ ኢንተርቪው አልጀምርም፣ ብሩን ተከተል። ቸኮሌት የሚሰራበት ፍሬ ካካዎ በዓለም ላይ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው፣ ገበሬው ፍሬውን በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ አምስት ስድስት ቀን ያብላላዋል ከዛ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ከሚሸጠው ቸኮሌት ግን የሚደርሰው በጣም ትንሽ ነው፣ ይሄ ነው ታሪኩ።

ዲቫይን የሚባለውን የቸኮሌት ድርጅት እየው፣ በፈረንጅ 1998 ሲቋቋም የጋናው ገበሬዎች ማህበር ኩዋፓ ኮኮ ራሱ ባለአክሲዮን ሆኖ ነው የገባው። የሆላንዱ ቸኮሌት አምራች ቶኒስ ቾኮሎንሊ ደግሞ ቸኮሌቱ ሲቆረስ እኩል አይካፈልም፣ አንዱ ቁራሽ ትልቅ አንዱ ሚጢጢ፣ ሆን ብለው ነው፣ የገቢው ክፍፍል ልክ አይደለም ለማለት። እሱን ሲሰበር ድምፁን ጨምረህ በቅርብ ቅረፀው፣ ከአስር ደቂቃ ንግግር ይበልጣል። ድሬ ላይ ከቀረፅክ ግን በማለዳ ይሁን፣ ቸኮሌት 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚራ ሰፈር በቀትር ካወጣኸው ለካሜራ የሚሆን ነገር አይተርፍህም።

ለልምምድ መጀመሪያ ሐረርጌ ቡና ገበሬ ጋር ሁለት ቀን ዋል፣ እሸቱን ከነልጣጩ ሲያሰጣ ቁጭ ብለህ እይ፣ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥለት ጠይቀው።