የአርቴሚሲያ ሻይ ወባ ያድናል? ጥያቄና መልስ

ስለ ቻይናው አርቴሚሲያ ቅጠል ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የምችለውን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የወባ መድኃኒት የሚሠራው ከዚህ ቅጠል ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ዶክተር እንኳ አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ቻይኖች ቺንግሃው ይሉታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ሐኪም ገ ሆንግ፣ ትኩሳቱ እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ እፍኝ ቺንግሃው ወስዶ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት ነው ብሎ ጽፏል። ልብ በሉ፣ ቀቅሉት አላለም። የቻይናዊቷ ተመራማሪ የቱ ዩዩ ቡድን በቅጠሉ ላይ ሲሞክር ውጤቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። እሷ ያቺን መስመር ስታነብ መድኃኒቱን የሚያበላሸው ሙቀቱ ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ከዚያ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኤተር በሚባል ፈሳሽ ተጠቅማ ከቅጠሉ አወጣችው። በ1971 የተገኘው ናሙና አይጦቹ ላይ የነበረውን ወባ ድራሹን አጠፋው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ከቅጠሉ የወጣው ንጥረ ነገር አርቴሚሲኒን ይባላል። ኮአርተም በሚባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ያለው አርቴሜተር የሚሠራው ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ደረቁን ቅጠል ጋምቤላ ለሚሠራው ወንድሜ ብልክለትስ? እያፈላ ይጠጣል።

መልስ፦ አይላኩለት። አርቴሚሲኒን ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። መጠኑም ከተክል ተክል ይለያያል። አንድ ኩባያ ውስጥ ስንት እንዳለ በምን ይታወቃል? ትኩሳቱ ጋብ ሲል ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ከሳምንታት በኋላ ያገረሽበታል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፣ አንጎል ድረስ ይደርሳል። መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ የቀመሰ የወባ ተሕዋስም እየተላመደው ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ቅጠሉን ለማከሚያም ለመከላከያም አይመክርም።

ወንድምዎ ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ኮአርተም ከታዘዘለት የአዋቂው መጠን 4 ክኒን በቀን ሁለቴ ለ3 ቀን ነው፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ሁለተኛው ቀን ላይ ተሻለኝ ብሎ የተረፈውን ኪሱ የሚከት ሞልቷል። 24ቱም ይዋጥ።

ጥያቄ፦ ጓሯችን ያለው አሪቲስ?

መልስ፦ ዘመዱ ነው፣ ጭቁኝም እንደዚያው። ለወባ መድኃኒት የሚታረሰው ግን የቻይናው ነው። አሪቲውን ለመዓዛው ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። እዚህ የአርቴሚሲኒን እንክብል ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም አይደል?

መልስ፦ እንዶድም እኮ የተፈጥሮ ነው። እዚያው ዋሽንግተን ስቴት በ2008 አርቴሚሲኒን ያለበት እንክብል ሲወስድ የነበረ ሰው ጉበቱ ታሞ ተገኝቷል። የኒውዚላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2018 ለመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚሸጥ የዚህ ተክል ምርት፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ ያቁሙና ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አርቴሚሲኒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነትም ይለውጣል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያማክር አይጀምር።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ለመከላከል ብዬ ነበር።

መልስ፦ ሻይውንም እንክብሉንም ይተዉት። አጎበር ውስጥ ይተኙ። ትኩሳት ከጀመረዎት በዚያው ቀን ይመርመሩ፣ በእርግዝና ጊዜ ወባ ለእናትም ለጽንስም ክፉ ነው።

ጥያቄ፦ ማዳጋስካር ለኮቪድ ያወጣችው የአርቴሚሲያ መጠጥስ?

መልስ፦ አዎ፣ በ2020 የያኔው ፕሬዚዳንት ራጆሊና ራሳቸው በሕዝብ ፊት ጠጥተውት ነበር። ኮቪድን እንደሚያድን ግን የሚያሳምን ማስረጃ አልቀረበም።