የታገዱ አባሪ ፋይሎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በኢሜይል አልሄድ ስላላችሁ ፋይል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን በየተራ እነሆ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ማስጫኛ ለእህቴ በጂሜይል ልልክላት ብል ታገደብኝ። ዚፕ ባደርገውም (አጥፌ በአንድ ፋይል ባሽገውም) እምቢ አለ። የፋይሉን ስም ለውጬ ልሞክር?

መልስ፦ አይሞክሩ። ጂሜይል ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ የሚሠሩ ፋይሎችን አያሳልፍም፤ ዚፑንም ከፍቶ ውስጡን ያያል። ስም መለወጥ ቢሳካ እንኳ እህትዎ የመጣላትን ሁሉ ስሙን መልሳ መክፈት ትለምዳለች፤ አጭበርባሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የፕሮግራሙን ባለቤት ድረ ገጽ ይንገሯትና ከዚያ ታውርደው። ዓላማዎ ጽሑፍዎን እንድታነብ ብቻ ከሆነ ግን ፊደሉን አካትቶ በሚይዝ ፒዲኤፍ ይላኩላት፤ ምንም መጫን አያስፈልጋትም።

ጥያቄ፦ ፋይሌ ቫይረስ የለውም። ታዲያ ለምን በጅምላ ይከለክላሉ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 «አይ ላቭ ዩ» በሚል ርዕስ የተሰራጨውን ኢሜይል ያስታውሳሉ? አባሪው የፍቅር ደብዳቤ ይመስል ነበር። ዊንዶውስ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን የስሙን መጨረሻ ስለሚደብቅ ሰዎች ተራ ጽሑፍ መስሏቸው ከፈቱት፤ አባሪው ግን ጎጂ ፕሮግራም ነበርና ራሱን አባዝቶ በአድራሻ መዝገባቸው ላሉት ሁሉ ተላከ። ላኪው ወዳጅ ነው፣ ኢሜይሉም ከእሱው ሳጥን የወጣ ነው። የላኪው ማንነት ዋስትና ካልሆነ የሚቀረው የፋይሉን ዓይነት መከልከል ነው። ክልከላው አንዳንዴ ንጹሑንም ይመታል፤ እኔ ግን ከክልከላው ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ የጂሜይል አባሪ ገደብ 25 ሜጋባይት ነው ይባላል፤ የእኔ 20 ሆኖ ሳለ አልሄደም።

መልስ፦ ኢሜይል አባሪን ወደ ጽሑፍ ምልክቶች ቀይሮ ስለሚያጓጉዝ መጠኑ በሲሶ ያህል ያብጣል። የእርስዎ 20 ሜጋባይት ከ26 በላይ ሆኗል ማለት ነው። ስካን የተደረገ ሰነድ ከሆነ በጥቁርና ነጭ ድጋሚ ስካን ያድርጉት፤ በጣም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የደመወዝ ሰንጠረዥ በጎግል ድራይቭ ሊንክ ብልክ ችግር አለው?

መልስ፦ ሊንኩን «ለማንኛውም ሰው» ብለው ከከፈቱት አዎ፤ ሊንኩ የተላለፈለት ሁሉ ያየዋል። የተቀባዩን የኢሜይል አድራሻ ብቻ ያስገቡ፤ «አንባቢ» እንጂ «አርታኢ» አያድርጉት፤ ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱን ያንሱ። ይህን የመጨረሻውን የሚያስታውስ ሰው እምብዛም አላየሁም።

ጥያቄ፦ ዚፑን በይለፍ ቃል ብቆልፈውስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ሰቨን ዚፕን የመሰለ ፕሮግራም ይጠቀሙና ኤኢኤስ 256 የሚለውን ጠንካራ የመቆለፊያ ዘዴ ይምረጡ፤ የድሮው የዚፕ ቁልፍ ደካማ ነው። ተራ ዚፕ ቢቆለፍም የፋይሎቹን ስም ያሳያልና «የተባረሩ ሠራተኞች» ብለው አይሰይሙት። የይለፍ ቃሉን በዚያው ኢሜይል መጻፍ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው መሰካት ነው፤ በስልክ ይንገሯቸው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ውስጡን መመርመር ስለማይችሉ የተቆለፈ ፋይል ጨርሶ እንደማይቀበሉም ይወቁ።

ጥያቄ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት ፓስፖርቴንና የትምህርት ማስረጃዬን በቴሌግራም ልኬ አሳትማለሁ። ያሰጋል?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ነው ያሳሰበኝ። ፓስፖርትዎ በኮፒ ቤቱ ሰው ስልክ፣ በኮምፒውተሩም ላይ፣ ከብዙ ሰው ሰነድ ጋር ተደርድሮ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፍላሽ የያዘ መንገደኛ ሁሉ የሚነካው ነው። ከታተመ በኋላ መልእክቱን «ከሁለቱም ወገን» ብለው ያጥፉት። ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል፤ ወደ ኮምፒውተሩ የወረደውን ቅጂ ግን አይነካም፤ ስለዚህ ልጁ ፊት ቆመው ከማውረጃ ማኅደሩም ከቆሻሻ ቅርጫቱም እንዲያጠፋ ይጠይቁት። አይፈሩ፤ ብዙዎቹ ያለማጉረምረም ያደርጉታል። ተራ የቴሌግራም ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ (ከሁለቱ በቀር ማንም የማያነበው) አይደለም፤ ያ ያለው «ሚስጥራዊ ውይይት» በሚባለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኛችን የላከው የዎርድ ደረሰኝ ሲከፈት «ይዘቱን ፍቀድ» ይላል። ልፍቀድ?

መልስ፦ አይፍቀዱ። ደረሰኝ ለመነበብ ፈቃድ አይጠይቅም። ደንበኛው ጋር ይደውሉ፤ በኢሜይሉ ግርጌ በተጻፈው ሳይሆን ከዚህ በፊት በሚያውቁት ቁጥር።