ከእጃችሁ ያለው «ከሮስኮመን ነች» የሚል ቃል ብቻ ሲሆን፦ የአያት መንደርና የንግሥት ሜቭ አገር በአንድ ጉዞ

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ባለቤቷ አሜሪካ የተወለደ ደራሲ ነው። የአያቱ እናት ብሪጅት ኬሊ ትባላለች፤ በ1880ዎቹ ከአየርላንድ፣ ከሮስኮመን ካውንቲ ወደ ቦስተን እንደመጣች እንጂ ቤተሰቡ ሌላ የሚያውቀው የለም። በአየርላንድ ጥንታዊ ተረት ስለምትታወቀው ስለ ንግሥት ሜቭ እየጻፈ ስለሆነ የአፈ ታሪኩን ቦታዎች ማየት፣ ዘመድ ካለም ማግኘት ይፈልጋል። ጊዜያቸው በጥቅምት ውስጥ አንድ ሳምንት ነው። እሷ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እህቴ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ስም ፈልጉ፤ የታውንላንዱን ስም። ታውንላንድ የአየርላንድ ትንሿ የመሬት ክፍል ናት፤ እኛ ጋ ጎጥ እንደምንለው ያለች። በአገሩ ከ60,000 በላይ አሉ። «ሮስኮመን» ብሎ መሄድ «ጎጃም» ብሎ የአያትን ቤት እንደ መፈለግ ነው። የታውንላንዱ ስም ከተገኘ ግን ዘመዱም ተረቱም በአንድ በር ይከፈታሉ።

ፍለጋው የሚጀመረው አየርላንድ ሳይሆን ቦስተን ነው። የማሳቹሴትስ የጋብቻና የሞት መዝገብ የወላጆችን ስም ይጽፋል፤ የእናቷን የአባት ቤት ስም ከዚያ ካላወጣችሁ ወደፊት መራመድ አትችሉም። ሮስኮመን የኬሊዎች አገር ስለሆነ በአንድ አጥቢያ በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ብሪጅት ኬሊ ቢወለድ አያስገርምም። የሚለያቸው የእናታቸው ስም ነው። ያገባችበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አንዳንዴ የአየርላንድ አጥቢያዋን ጭምር ይጽፋል፤ ስለዚህ ከመንግሥት ወረቀት ላይ አትቁሙ። የመቃብር ድንጋይና በጋዜጣ የወጣ የሞት ማስታወቂያም ይታዩ። «ፓይለት» የተባለው የቦስተን ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 የጠፉ ዘመዶችን ፍለጋ ያወጣ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ታውንላንድ ተጠቅሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስሟንም በአንድ መልክ ብቻ አትፈልጉ። ብሪጅት አሜሪካ ስትደርስ ዲሊያ ወይም ቢዲሊያ ትሆናለች፤ አገር ቤት ቢዲ ትባላለች፤ በላቲን በተጻፈ የክርስትና መዝገብ ላይ ደግሞ ብሪጊዳ ናት። ጄምስ ያኮቡስ፣ ዊልያም ጉልዬልሙስ ሆነው ይጻፋሉ። «ኦ» የሚለው ፊደል ቀርቶም ተጨምሮም ይገኛል፤ ኬሊና ኦኬሊ አንድ ቤት ናቸው። ዕድሜዋንም አትመኑ። ያን ጊዜ የትውልድ ቀን የሚቆጥር ጥቂት ነው፤ ከተነገረው በፊትና በኋላ አምስት አምስት ዓመት ጨምራችሁ ፈልጉ።

ከዚያ ወደ አየርላንድ መዛግብት ትሻገራላችሁ። የልደት፣ የሞትና የካቶሊክ ጋብቻ የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው በጥር 1864 ነው። ብሪጅት በ1860ዎቹ አጋማሽ ከተወለደች ልትገኝ ትችላለች። የመዝገቡ ምስል «አይሪሽ ጂኒያሎጂ» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል፤ የትውልድ ቦታ በሚለው ዓምድ የሚጻፈው ያው ታውንላንዱ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ልጆች ሳይመዘገቡ ቀርተዋል። ዘግይቶ ያስመዘገበ ቅጣት ስለነበረበትም ወላጆች ቀኑን ወደፊት ይገፉታል። ስለዚህ ልጅቱ ከመወለዷ ሁለት ሳምንት በፊት ክርስትና የተነሣች መስላ ብታገኟት ሰው አልተሳሳታችሁም፤ ትክክለኛው የክርስትናው ቀን ነው። የአጥቢያዎቹን መዝገብ እስከ 1880 ገደማ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ከ2015 ጀምሮ በነጻ አውጥቶታል። እዚያ የክርስትና አባትና እናት ስም አለ፤ አትዝለሉት። አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም አክስት ናቸው፤ ያልታወቀ የቤተሰብ ክንፍ የሚገኘው በእነሱ በኩል ነው።

«የ1851ን ቆጠራ ለምን አላገኘነውም?» ትላላችሁ። የ1821 እስከ 1851 ቆጠራዎች አብዛኛው በሰኔ 1922 ደብሊን የመዛግብት ቤቱ ሲቃጠል ጠፍቷል፤ የ1861 እስከ 1891ዎቹን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል። ሙሉ ሆነው የቀሩት የ1901 እና የ1911 ናቸው፤ ሁለቱም በነጻ ይታያሉ። ብሪጅት በዚያን ጊዜ ሄዳለች፤ መሬቱን የወረሰው ወንድሟ ግን ታውንላንዱ ላይ ይገኛል። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ቤቱን የሚገልጸውን ቅጽ ክፈቱ። ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ 1፣ ጭቃ ከሆነ 0፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ከሆነ 1፣ ሣር ከሆነ 0፤ ከዚያ ክፍሎቹና ከፊት ያሉት መስኮቶች ይቆጠራሉ። ለደራሲ ይህች አንዲት መስመር ወርቅ ናት፤ ሣር ክዳን፣ ሁለት መስኮት፣ በሦስት ክፍል ዘጠኝ ሰው።

ቤቱ የት እንደቆመ ለማወቅ የግሪፊዝ የመሬት ግምት አለ። ከ1847 እስከ 1864 ታትሟል፤ ጭሰኛውንም ባለርስቱንም በስም ይዘረዝራል። ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር ይዞታው ነው፤ ትንሿ ፊደል ደግሞ ቤቱ። ያንኑ ቁጥር ካርታው ላይ ስትፈልጉ የቤቱ ነጥብ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ይዞታው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ደብሊን ባለው የመሬት መሥሪያ ቤት፣ ታልቸ ኤረን በሚባለው፣ በየዓመቱ በተለያየ ቀለም ስም እየተሰረዘ የተጻፈባቸው ደብተሮች አሉ። የመጨረሻው ስም ዛሬ በር ከሚከፍትላችሁ ሰው ጋር የሚያገናኝ ነው። ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ደብሊን ላይ መድቡ።

አሁን ወደ ተረቱ። ታውንላንዱን «ሎጋኒም» በተባለው የቦታ ስሞች ማኅደር ውስጥ አስገቡት፤ የአይሪሽ መነሻውንና ትርጉሙን ይሰጣችኋል። በሊስ ወይም በራት የሚጀምር ከሆነ ክብ የአፈር ካብ አለበት ወይም ነበረበት፤ ቶበር ከሆነ ጠበል፣ ኖክ ከሆነ ኮረብታ ነው። ኪል ቤተ ክርስቲያንም ጫካም ሊሆን ስለሚችል ሳታረጋግጡ አትተርጉሙት። ሊስደፍን የመሰለ ስም በብዙ ካውንቲ ስላለም አጥቢያውን አብራችሁ ያዙ። ቀጥሎ «ዱካስ» የሚባለውን ማኅደር ክፈቱ። ከ1937 እስከ 1939 መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሽማግሌዎቻቸውን ጠይቀው የሰፈራቸውን ተረት፣ መድኃኒትና ጠበል በደብተር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። 50,000 ያህል ልጆች ተሳትፈዋል። የጻፈውም የተረከውም ሰው ስምና ታውንላንድ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ የብሪጅት ወንድም ልጅ ከቤቱ በላይ ስላለው ካብ የተናገረው ቃል በልጅ እጅ ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሳያነብ የሚሄድ ደራሲ ጉዞውን ግማሽ ያደርገዋል።

ዘመድ ዘንድ ሳትጽፉ አትድረሱ። በወረቀት ደብዳቤ ከሁለት ወር በፊት ላኩ፤ የዘር ሐረጉን በአንድ ገጽ፣ የብሪጅትን ፎቶ ቅጂ፣ የምትመጡበትን ቀን። አድራሻ ከጠፋ የአጥቢያው ቄስ ወይም «አየርላንድ ሪቺንግ አውት» የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ያገናኛችኋል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ስለ መሬት መጠየቅ ከጀመረ በሩ ይቀዘቅዛል፤ ድርሻ ፈልጎ መጣ ይባላልና። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ ጠይቁ፣ ይዞታውን እነሱ ያንሱት። ስለ 1922ቱ የእርስ በርስ ጦርነትም ካልተነሣ አታንሡ። ሻይ ሲቀርብ እንደ እኛው ነው፤ አንዴ እምቢ ቢባል ደግመው ይለምናሉ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። አንቺን ደስ የሚያሰኝሽ አንድ ነገር አለ። ኬሊዎች በበዙበት ገጠር ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ አይደለም፤ በራሱ ስም ላይ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን ስም እየጨመሩ ነው፤ ልክ እንደኛ። «የማን የማን ልጅ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

የመቃብር ድንጋይ ለማንበብ በብረት ብሩሽ፣ በጠመኔ ወይም በአረፋ አትንኩት፤ ፊቱን ይበላዋል። ማታ ላይ የስልክ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ስታበሩበት ፊደሉ በጥላ ይነሣል። ከ1860 በፊት የሞተ ጭሰኛ ግን ብዙውን ጊዜ ያልተጻፈበት የመስክ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው።

ስለ ሜቭ፦ መቀመጫዋ ክሩኣሃን፣ የዛሬው ራዝክሮሃን፣ እዚያው ሮስኮመን ውስጥ ተልስክ መንደር አጠገብ ነው። ሜቭና ባሏ አሊል አልጋ ላይ ሆነው ሀብት ሲቆጣጠሩ በአንድ በሬ ብቻ ተበልጣ በኡልስተር ግዛት ያለውን የኩሊን ቡናማ በሬ ለመዝረፍ የዘመተችው ከዚህ ነው። በመሬቱ ላይ የምታዩት ግን ግንብ አይደለም፤ ወርዱ 90 ሜትር የሚጠጋ ሣር የለበሰ ጉብታና በዙሪያው ከ240 በላይ ቅርሶች ናቸው። ያለ አስጎብኚ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ብቻ ሆኖ ይታያችኋል። ተልስክ ያለውን የጎብኚዎች ማዕከል አስቀድማችሁ ያዙ፤ ኦዊናጋት የተባለው የድመቶች ዋሻም በግል እርሻ ላይ ስለሆነ መግቢያው በእነሱ በኩል ነው። አፉ ከእሾሃማ ዛፍ ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት። በእንብርክክ ገብታችሁ ወደ ላይ ስትመለከቱ በጣሪያው ድንጋይ ጠርዝ ላይ የተጫሩ መስመሮች አሉ። ኦጋም የሚባለው ጥንታዊ ጽሕፈት ነው፤ «የሜዱ ልጅ የፍሬኽ» ይላል። ከዚያ ወደ 37 ሜትር የሚረዝም የተፈጥሮ ስንጥቅ ትወርዳላችሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጎማ ቦቲ፣ የሚጣል ልብስና የግንባር ባትሪ ያዙ፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አፉ ላይ ይቆይ። ጊዜያችሁ በእኛ ጥቅምት 21 (በፈረንጆች ኦክቶበር 31) ገደማ ከሆነ ሳዊን የሚባለው ጥንታዊ የክረምት መግቢያ በዓል ነው፤ በተረቱ የጦርነት አምላክ የሆነችው ሞሪጋን ከዚህ ዋሻ የምትወጣበት ሌሊት። ብዙ ሰው ስለሚመጣ ከወራት በፊት ቦታ ያዙ።

10 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ስትሮክስታውን ውስጥ፣ በቀድሞ የባለርስት ይዞታ ላይ፣ የ1840ዎቹ ታላቅ ረሃብ ሙዚየም አለ። በ1847 ከዚያ ርስት 1,490 ጭሰኞች ወደ ደብሊን በእግር ተነድተው ወደ ካናዳ ተጭነዋል። የብሪጅት ወላጆች ከዚያ ዘመን የተረፉ ስለሆኑ ይህን አትተዉ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ዝነኞቹ ጥንታዊ ቦታዎች፣ ታራና ኒውግሬንጅ፣ ለሌላ ጉዞ ይቆዩ፤ በአንድ ሳምንት ሁሉን ልይ ያለ ምንም አያይም።

ለአንቺ፦ አየርላንድ ሸንገን ውስጥ አይደለችም፤ ግሪን ካርድም የሸንገን ቪዛም አያስገባሽም። የራሷን የአጭር ጊዜ ቪዛ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት አመልክቺ። በተረቱ የሜቭ ጠላቶች የሆኑት የኡልስተር ነገሥታት መቀመጫ ኤመን ማሃ አርማ ውስጥ፣ ማለትም በሰሜን አየርላንድ ነው። ድንበሩ ላይ ጠባቂ ባይኖርም የእንግሊዝ ቪዛ ሳትይዢ መሻገር ሕግ መጣስ ነው።

በሰው እርሻ ውስጥ እንደ ልብ የማለፍ መብት የለም፤ ባለቤቱን ጠይቁ፣ የመስኩን በር እንዳገኛችሁት ተዉት፣ ተዘግቶ ከነበረ ዝጉት። ክብ ካቦቹን ገበሬዎቹ «መልካሞቹ ሰዎች» እያሉ በማሽሞንሞን ለሚጠሯቸው የማይታዩ ፍጥረታት የተዉት ስለሆነ ቅርንጫፍ አትስበሩ። በቅርስ ቦታ ላይ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ ያስቀጣል።

የመጨረሻውን ቀን ለስላይጎ ተዉት። ሜቭ በሪ ሐይቅ ደሴት ላይ ስትታጠብ የእህቷ ልጅ በወንጭፍ በወረወረው የደረቀ አይብ ሞተች ይላል ተረቱ፤ ተቀበረች የሚባለው ግን ኖክናሬይ ተራራ አናት ላይ ነው። ተራራው 327 ሜትር ነው፤ ከስትራንድሂል በኩል ወጥቶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። አናቱ ላይ ያለው የድንጋይ ቁልል ወርዱ 55፣ ቁመቱ 10 ሜትር ገደማ ነው፤ ተቆፍሮ አያውቅም፤ ዕድሜውም 5,000 ዓመት ስለሚሆን ከሜቭ ተረት እጅግ ይቀድማል። ባለቤትሽ ሲጽፍ ሁለቱን ዘመን እንዳያምታታ። ቁልሉ ላይ አትውጡ፤ በሰው እግር እየተናደ ነው። ከሥሩ ዞራችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቁሙ፤ ሮስኮመን በዚያ በኩል ነው።